በኮሮና ጊዜ ቤታቸው ያልተመቻቸው ሰዎች፦ ስለ ፆታዊ አናሳዎች እናውራ

ማለፊያ | ሜሪላንድ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ቤቶች። ሥራዬ ማኅበራዊ ሠራተኛነት ነው። ወጣቶችን አማክራለሁ። ብዙዎቹ እዚህ የተወለዱ ወይም በልጅነታቸው የመጡ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ዛሬ የማነሳው ነገር እዚህ ቤት ብዙ አይወራም። ሲወራም በስድብ ያልቃል። እስቲ ሳንሰዳደብ እንሞክረው።

ኮሮና በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና በትራንስ ሰዎች (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ በሌላ ፆታ የሚኖሩ) አእምሮ ላይ ምን አደረሰ? ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሃይማኖት ምን ይላል፣ ሕግ ምን ይላል ለሚለው ሌላ ክር ይከፈትለት። ዓመቶቹን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።

ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል አለ። ከዚያ በየአገሩ የተሰማው ምክር አንድ ነው፦ ቤት ይቆዩ። ምክሩ ልክ ነበር። ግን ቤት ለሁሉም ሰው ማረፊያ ነው ከሚል ነው የሚነሳው። ቤቱ ውስጥ ማንነቱን ደብቆ ለሚኖር ሰው ማረፊያው ውጭ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጓደኛው፣ ካፌው፣ አውቶቡሱ ሳይቀር። እነዚህ ሁሉ ባንዴ ተዘጉ።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዶርሙ ሲዘጋ ወላጆቹ ጋ ተመለሰ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ አባት፣ እናት፣ አያትና ታናሽ ወንድም አሉበት። ምክሩን በቪዲዮ አደረግነው። ግን የት ሆኖ ያውራ? ሽንት ቤት ገብቶ ሞከረ፤ በሩ ተንኳኳ። መኪና ውስጥ እንዳይሆን አባትየው ይዞት ሥራ ይሄዳል። በመጨረሻ ዘዴ ፈጠርን። ሳሎን፣ ቤተሰቡ መሃል ይቀመጣል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርጋል። እኔ አዎ ወይም አይ የሚባልበትን ብቻ እጠይቃለሁ። ሌላውን እሱ ይጽፍልኛል። እናቱ የኦንላይን ትምህርት ላይ ያለ ነው የሚመስላት። አንድ ቀን ሻይ ይዛለት መጣች። ተቀበላትና «እግዜር ይስጥልኝ እማ» ብሎ ፈገግ አለላት። በዚያችው ደቂቃ የጻፈልኝ «ዛሬ መኖር አስጠልቶኛል» የሚል ነበር።

ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ይሄን ዓይነቱን ኑሮ በደንብ አስረድቶታል። ሰውን የሚጎዳው የደረሰበት ብቻ አይደለም ይላል። ይደርስብኛል ብሎ መጠበቁ፣ ሁሌ መደበቁ፣ የሰውን ንቀት ውጦ በራሱ ላይ ማዞሩም ይጎዳዋል። አእምሮው ሌት ተቀን ዘብ ይቆማል። በፊት ይሄ ጥበቃ ፈረቃ ነበረው። ኮሮና ፈረቃውን አስቀረው።

እስቲ እናንተም ያያችሁትን አምጡ።


የቀበሌው_ልጅ | አዲስ አበባ

እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኮሮና ያልነካው ማን አለ? የቀን ሠራተኛው ጦሙን አደረ። ቤሩት የነበሩ እህቶቻችንን አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። አስፋልት ላይ ነው ያደሩት። ጁን 2020 ላይ ዓለም ሁሉ አይቶታል። እነሱ እያሉ ስለነዚህ ለብቻ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ነገሩን አልደግፍም። ይሄን ስል ግን ማንም ይሰቃይ ማለቴ አይደለም።


ማለፊያ

> እነሱ እያሉ ስለነዚህ ለብቻ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?

የቤሩቱን እንኳን አነሳኸው። እዚያም የሆነው ይኸው ነው እኮ። ቤት ቆዩ ሲባል የነዚያ ልጆች ቤት የአሠሪያቸው ቤት ነበር። የምትደበደብ ከደብዳቢዋ ጋር ተዘጋባት። አሠሪው ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ መንገድ ላይ ተጣለች። ማምለጫ የሌለው ቤት ማለት ምን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ የማወራው ስለዚያው ነገር ነው፤ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው።

አልደግፍም ባልከው አልከራከርህም። ርዕሴ እሱ አይደለም።


ሲስተር_ዘውድ | ለንደን

እኔ ነርስ ነኝ። በሌላ በኩል ያየሁትን ልጻፍ።

በመጀመሪያው ማዕበል ጊዜ በሽተኛ መጠየቅ ክልክል ነበር። ሰው ሊያልፍ ሲል ብቻ አንድ የቅርብ ሰው ይገባል። ማነው የቅርብ ሰው? ፎርሙ ላይ የተጻፈው ነዋ። እዚህ አገር በሽተኛው የፈለገውን ሰው ማስጻፍ ይችላል። ግን ስንቱ ሐበሻ ነው እውነቱን የሚያስጽፈው? የአጎት ልጅ ያስጽፋል። ከዚያ ሆስፒታሉ የሚደውለው ለአጎት ልጅ ነው። አብሮት የሚኖረው ሰው ደግሞ ስልኩን አቅፎ ቤት ይቀመጣል።

የማውቀው ሰው አለ። ከጓደኛው ጋር ብዙ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሰው ሁሉ ሩምሜት ናቸው ይላል። እነሱም ሲጠየቁ እንደዚያው ይላሉ። ጓደኛው በኮሮና ሞተ። ለቅሶው በዙም ሆነ፤ ያኔ የማን ለቅሶ በዙም ያልሆነ አለ? እህቱ ከአዲስ አበባ፣ አጎቱ ከጅዳ፣ የሰፈር ሰው ከየአገሩ ገባ። ተራ በተራ እህቲቱን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል። እሱ ጥግ ላይ ባለች ሳጥን ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ተቀምጧል። በመሃል አንድ ሽማግሌ «ያ አብሮት የሚኖረው ልጅ፣ የቤቱን ኪራይ ብቻውን ይችለዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለሱ አስበው ነው። እሱም ድምፁን ከፈተና «እችላለሁ አባቴ፣ አያስቡ» አለ። በቃ። በዚያ ለቅሶ የተናገረው ይሄንን ብቻ ነው። አንድ ሰው ያጽናህ አላለውም።

እኛ ሐዘን የምናወጣው በሰው ነው። ሰው ይመጣል፣ አብሮህ ያለቅሳል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፣ ብቻህን አይተዉህም። አርባውና ሰማንያው ሲደርስም እንደገና ይሰበሰባሉ። ይሄ ሰው ከሁሉም ውጭ ሆነ። ቆይቶ እኔ ጋ የመጣው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ነው። ስለ ሐዘን አንድም ቃል አላነሳም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።


ቁጥር_አይዋሽም | ሚኒሶታ

ትንሽ ቁጥር ላምጣ፤ ከነጉድለቱ።

ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2020 መጨረሻ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ፆታዊ አናሳ ወጣቶችን ጠይቆ ነበር። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 24 ነው። ውጤቱ በ2021 ወጣ። 42 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ዓመት ራሳቸውን ስለማጥፋት የምር አስበው ያውቃሉ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኮሮና የቤት ኑሯቸውን የባሰ አስጨናቂ አደረገው ብለዋል። ጉድለቱ ምንድነው፣ ወጣቶቹ በኢንተርኔት ተጠርተው በፈቃዳቸው የመለሱ ናቸው። በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። ስለዚህ ለሁሉም አትዘርጉት።

እኔ የማምነው የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ (ሴንሰስ) ቢሮ ነው። ሀውስሆልድ ፐልስ የሚባል ጥናት በ2020 ጀምሮ ነበር። በጁላይ 2021 የፆታ ዝንባሌና የፆታ ማንነት ጥያቄ ጨመረበት። እዚህ ላይ ናሙናው በዕጣ የወጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወጣው ውጤት፣ ባለፉት ሰባት ቀናት በቤቴ በቂ ምግብ አልነበረም ያለው ከነሱ 13.1 በመቶ፣ ከሌላው ሰው 7.2 በመቶ ነው። የቤት ወጪ ከበደኝ ያለው ደግሞ 36.6 በመቶ፤ ሌላው 26.1።

ጌይ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ፊልም ላይ ያለው ባለ ገንዘብ ነው። ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ምግብ ቤትና ሱቅ ነው፤ መጀመሪያ የተዘጋውም እሱ ነው። ጭንቀት ጭንቀት ስንል አንዳንዱ የኪራይ ጭንቀት እንደሆነ አትርሱ።


የቀበሌው_ልጅ

ይሄ እኮ አሜሪካ ነው። ሕጉም ድጎማውም ያለበት አገር። እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ ቤት የተዘጋ የለም። ኤፕሪል 2020 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ፣ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ተባለ፣ ማስክ አደረግን፣ ኑሮ ቀጠለ። እዚህ በነሱ ላይ ምን የተለየ ነገር ደረሰ?


ስሜን_ተዉት

እኔ ልመልስልህ። አዲስ አበባ ነኝ፤ ከዚያ በላይ አልጽፍም።

እኛ የምንገናኘው ጭፈራ ቤት እንዳይመስልህ። አንድ ካፌ ነበረች። አምስት ስድስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ እንጠጣለን። ስለ ኳስ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው የምናወራው። ልዩነቱ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሴት ጓደኛዬ ውሸት አልፈጥርም። በሳምንት ሁለት ሰዓት። አዋጁ ሲወጣ ካፌዋ ወንበሮቿን አነሳች። ቤት እንዳንገናኝ ሁላችንም ከቤተሰብ ጋር ነን። በቴሌግራም እንዳንጻጻፍ ትምህርት ተዘግቶ ታናሽ እህቴ የምትማረው በኔ ስልክ ሆነ፤ መምህሮቹ የሚልኩት በቴሌግራም ነበር። ስለዚህ ሁሉንም አጠፋሁ። መልእክቱንም፣ የሰዎቹንም ቁጥር። ካፌዋ ስትከፈት ሁለቱን አገኘኋቸው። ሌሎቹ የት እንደገቡ እስከዛሬ አላውቅም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩም። ማንን ልጠይቅ? እውነተኛ ስማቸውን ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ቀን ትኩሳት ያዘኝ። የጤናው ነፃ መስመር 8335 ደውል አሉኝ። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። በሽታውን አልፈራሁም። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከማን ጋር ነበርክ?» ብለው ቢጠይቁኝስ? አልደወልኩም። ክፍሌ ዘግቼ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየጠጣሁ አሳለፍኩት።

የተሻለልኝ ነገርም አለ፤ ልዋሽ አልችልም። ሰርግ ቀረ! «አንተስ መቼ ነው የምታበላን?» የምትል አክስት የለችም። ማስኩም ተመችቶኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ፊቴን ሳልቆጣጠር የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው።


የቀበሌው_ልጅ

ወንድሜ፣ አነበብኩት። አሁን ግን ደኅና ነህ?


ስሜን_ተዉት

አለሁ። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።


ሴኡል_ተማሪ | ደቡብ ኮሪያ

«ከማን ጋር ነበርክ ቢሉኝስ» ያልከው ነገር እዚህ አገር አንድ ከተማ ሙሉ አስጨንቆ ነበር።

ኢቴዎን የሚባል ሰፈር አለ፤ የውጭ አገር ሰውና የምሽት ቤት የሚበዛበት። እኛ አበሾችም እንሄዳለን። ሜይ 2020 መጀመሪያ ላይ በሽታው ጋብ ብሎ፣ ሰው ተንፍሶ፣ የበዓል ሳምንት ነበር። አንድ የ29 ዓመት ሰው እዚያ ሰፈር በአንድ ሌሊት ብዙ ክለብ ዞረ። ከዚያ ተመርምሮ ተገኘበት። ጋዜጣ «የጌይ ክለብ» ብሎ አወጣው። የሰውየው ዕድሜ፣ የሚኖርበት አካባቢ፣ የሥራው ዓይነት ሁሉ ወጣ። ኢንተርኔቱ በስድብ ተጥለቀለቀ።

ኮሪያ ውስጥ ከወታደር ቤት ውጭ ይሄ ነገር ወንጀል አይደለም። ግን ቤተሰብም አለቃም እንዲያውቅ የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ሰው ጠፋ። ክለቡ በር ላይ ስልክ ያስመዘገበው ብዙ ሰው ቢደወልለት አያነሳም። መንግሥት ከቴሌ ድርጅቶቹ መረጃ ወስዶ በዚያ አካባቢ ስልኩ ለታየ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መልእክት ላከ። ያ ደግሞ ፍርሃቱን አባሰው። አስቡት፣ ቢሮ ተቀምጠህ ስልክህ «ኢቴዎን ስለነበርክ ተመርመር» ሲል፣ አጠገብህ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያይህ።

የተፈታው እንዴት ነው? የሴኡል ከተማ ስም ሳይጠየቅ መመርመር ይቻላል አለ። ስልክ ቁጥር ብቻ። በስም ፈንታ የሰፈሩ ስምና ቁጥር ይጻፋል፤ «ዮንግሳን 01» ብሎ እንደዚያ። የአናሳዎቹ ማኅበራትም ተሰባስበው ኑ ተመርመሩ እያሉ ጠሩ። የተመርማሪው ቁጥር ወዲያው አሻቀበ። ከዚያ ስብስብ ጋር የተያያዘው ሕሙም ከ200 በላይ ሆኖ ቆመ። ሲፈራ የነበረው ከዚያ በጣም የባሰ ነበር።

አንድ ሰው ግን ዋጋ ከፍሏል። ኢንቾን ያለ ወጣት አስተማሪ ኢቴዎን ደርሶ መጥቶ፣ የጤና ሰዎች ሲጠይቁት ሥራ የለኝም ብሎ ዋሸ። በዚያ መሃል ተማሪዎቹ፣ ከነሱም ሌላ ሰው ተያዘ። ስድስት ወር ተፈረደበት። ሰው ሁሉ ረገመው። እኔም ተናድጄበት ነበር። ግን ውሸቱን ምን እንደወለደው አይቼዋለሁ።


ጋሽ_ተክሌ | አዲስ አበባ

ልጆች፣ ይሄ የሴኡሉ ቁጥር እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ የኤች አይ ቪ አማካሪ ነበርኩ። ደም ሊመረመር የሚመጣ ሰው ስሙን አንጠይቅም። ኮድ እንሰጠዋለን፤ ውጤቱን በዚያ ኮድ ይወስዳል። ምርመራ ጣቢያው በር ላይ እንኳ እንዳይታይ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚመጣ አለ። ስም ቢጠየቅ ኖሮ አንድም ሰው አይገባም ነበር።

እዚህ አገር የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ነፃ መድኃኒት የመጣው በ2005። በዚያ መሃል ስንቱን ቀበርን። በሽታው ብቻ አይደለም የገደላቸው። ቤት ኪራይ ተከልክለው፣ ብርጭቆ ተለይቶላቸው፣ ሰው ሸሽቷቸው ነው የሞቱት። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው እነ ተስፋ ጎህን ሲመሠርቱ ነው ነገሩ መቀየር የጀመረው።

አሜሪካም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጁን 5 ቀን 1981 በሎስ አንጀለስ ስለ አምስት ወጣት ወንዶች የወጣች አጭር ዘገባ ናት መጀመሪያዋ። ከዚያ የነዚያ ሰዎች በሽታ ነው ተባለ። ሌላው እኔን አይነካኝም ብሎ ተኛ። እዚያ የነበሩ የኔ ዕድሜ ሰዎች በኮሮና ጊዜ ያ ሁሉ ተመልሶ ቢታያቸው አይገርመኝም። ጓደኞቻቸውን ቀብረው የተረፉ ናቸው። አርጅተው፣ ልጅ ሳይኖራቸው፣ እንደገና በር ተዘጋባቸው።


አወያይ

ሁለት አስተያየቶች አንስቻለሁ። አንደኛው ስድብ ነው። ሌላኛው የስሜን_ተዉትን ማንነት ለማወቅ የሚሞክር ነበር፤ ጸሐፊው ከመድረኩ ታግዷል። «የእግዜር ቁጣ ነው» የሚለውን ትቼዋለሁ፤ መልስ ያለው ይመልስበት።


ዞሮ_ዞሮ | ስቶክሆልም

በቁጣው እንጀምር። የዩክሬኑ ፓትርያርክ ፊላሬት ማርች 2020 ላይ ኮሮና የመጣው በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምክንያት ነው ብለው ተናገሩ። ሴፕቴምበር ላይ እሳቸውን ራሳቸውን ያዛቸው። ያኔ የ91 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ማንም እንዲታመሙ አልተመኘም። ድነዋል። ይሄንን እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ወደ ፓናማ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሰው ከቤት የሚወጣው በፆታ ተራ ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ሴት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ወንድ። ሐሳቡ ፖሊስ በየቀኑ የሚቆጣጠረው ግማሹን ሕዝብ ብቻ እንዲሆን ነው፤ ከዚያ ሌላ ያሰበ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን፣ በሴቶች ቀን፣ አንዲት ትራንስ ሴት ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ልትሠራ ስትሄድ ተያዘች። መታወቂያዋ ወንድ ይላል። 50 ዶላር ቀጧት። በወንዶች ቀን ብትወጣ ደግሞ መልኳና ልብሷ የሴት ነው። ታዲያ ዳቦ መቼ ትግዛ?

ፔሩ ያንኑ ጀምራ በሳምንት ገደማ ተወችው። ምክንያቱ ትራንስ ሰዎች አልነበሩም፤ በሴቶች ቀን ገበያው ተጨናነቀ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ደግሞ ኤፕሪል 13 ጀመረች፤ ግን ትራንስ ሰዎች በሚኖሩበት ፆታ ቀን ይውጡ ብላ ከመጀመሪያው ጻፈች። ያኔ ከንቲባዋ ክላውዲያ ሎፔዝ ነበረች፤ እሷ ራሷ ሌዝቢያን መሆኗን የማትደብቅ ሴት። ያም ሆኖ መንገድ ላይ ችግር አልቀረም። ግን ወረቀቱ ላይ ሰዎቹ ነበሩ።

ሞሮኮ የባሰ ነው። ኤፕሪል 2020 ላይ አንድ ኢንስታግራም ላይ ታዋቂ የሆነ ሰው ተከታዮቹን የመተዋወቂያ መተግበሪያ ላይ በውሸት ስም ግቡና አካባቢያችሁ ያለውን ጌይ እዩ አላቸው። ፎቶዎች ፌስቡክ ላይ ተበተኑ። አገሩ በሙሉ ቤት ተዘግቷል። የተጋለጠው ልጅ ፎቶው ሲወጣ የተቀመጠው ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር ነው። መውጣት አይቻልም። ማለፊያ ያለችው ነገር ከዚህ በላይ ሊታይ አይችልም።


ካምፓላ_ነበርኩ

ኡጋንዳን እኔ ልጨምር፤ ያኔ እዚያ እሠራ ነበር። ማርች 29 ቀን 2020 ከካምፓላ ወጣ ብላ ባለች ቼንጌራ የምትባል ሰፈር አንድ መጠለያ ተወረረ። ቤተሰብ ያባረራቸው ወጣቶች የሚኖሩበት ቤት ነው። ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ታሰሩ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በሽታ ሊያስፋፋ የሚችል ቸልተኝነት። ቤት ይቆዩ ተብለው ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው! ብዙ ሆናችሁ አንድ ቤት ኖራችሁ ነው ነገሩ። ሌላ የሚሄዱበት ቢኖራቸው መጠለያ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?

ከዚያ በኮሮና ምክንያት ጠበቃ እስር ቤት መግባት አይችልም ተባለ። 50 ቀን ገደማ ታሰሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠበቃ ሳይገናኙ። ሜይ 18 ክሱ ተነሳ። ጁን ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጠበቃ መከልከላቸው መብታቸውን የጣሰ ነው ብሎ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ሺልንግ ካሳ ፈረደ። ፍርድ ቤቱን አደንቃለሁ። ግን 50 ቀን እስር ቤት የቆየ ልጅ ቀጥሎ የተኛበትን ሌሊት ሁሉ በር ሲንኳኳ ይነቃል።

ሀንጋሪ ሌላው ናት። ሁሉም ዓይኑን የሕሙማን ቁጥር ላይ ተክሎ ሳለ፣ ሜይ 2020 ላይ ፓርላማው ትራንስ ሰዎች በመታወቂያቸው ላይ ፆታ እንዳይቀይሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከወረርሽኙ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከዛሬ ያስረዳ የለም።


ቁጥር_አይዋሽም

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተቃራኒው። አሜሪካ ደም ሲያጥራት ኤፕሪል 2020 ላይ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያለው ወንድ ደም ለመስጠት የሚጠብቀውን ጊዜ ከ12 ወር ወደ 3 ወር አወረደችው። ለዓመታት አይሆንም ሲባል የነበረው በአንድ ቀን ሆነ። በችግር ጊዜ የሚታይ ነገር አለ።


ምሕረት_ከሀዋሳ

እኔ ጥያቄ አለኝ። ጋሼ፣ ይሄ ኤምፖክስ የሚሉት የዝንጀሮ ፈንጣጣ የነሱ በሽታ ነው እየተባለ በቲክቶክ ይወራል። እውነት ነው? መልሱን ለተማሪዎቼ ነው የምፈልገው።


ጋሽ_ተክሌ

አይደለም ልጄ። በ2022 በአውሮፓና በአሜሪካ ሲሰራጭ በብዛት የያዘው ከወንድ ጋር ግንኙነት የነበራቸውን ወንዶች ነው፤ ይሄ እውነት ነው። ቫይረሱ ግን ቆዳ ለቆዳ በመነካካት ነው የሚተላለፈው። ማንንም ይይዛል። በኛ አገር በሜይ 2025 መጀመሪያ የተረጋገጠበት ሰው ማን መሰለሽ? ሞያሌ ላይ፣ ገና አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ነው። እናቱም ተገኘባት።

ለተማሪዎችሽ ይሄን ሕፃን ንገሪያቸው። «የነሱ በሽታ» ያለ ሰው ሽፍታ ሲያወጣ ወደ ሐኪም አይሄድም። ይደብቃል። እኛ ይሄን በኤች አይ ቪ ጊዜ ተምረነዋል፤ ክፍያው ብዙ ነበር።


ምሕረት_ከሀዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የሞያሌውን አላውቅም ነበር።


ስሜን_ተዉት

ማለፊያ፣ እንደዚያ ልጅ በጽሑፍ ማማከር ይቻላል ማለት ነው? ለኔ ዓይነቱም?


ማለፊያ

ይቻላል፤ ግን ግልጽ ልሁንልህ። ሕክምና እንድሰጥህ ያለሁበት ግዛት ፈቃድ አይፈቅድልኝም። አብሬህ ማውራትና ሰው ማገናኘት ግን እችላለሁ። መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። ስልክህን ሌላ ማን ይከፍታል? እህትህ አሁንም በሱ ነው የምትማረው? መልእክት ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ይታያል? የሚታይ ከሆነ ሳንጀምር እሱን አጥፋው። መልእክቶቹም በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ አድርጋቸው። እውነተኛ ስምህን አትንገረኝ፤ ሥራህንም ሰፈርህንም። መኖር ያስጠላህ ቀን ከመጣ ግን ሳትዞር በቀጥታ ጻፍልኝ፤ አልደነግጥም።

እዚህ መድረክ ላይ በውስጥ መልእክት እንጀምር። ሰዓቱን አንተ ምረጥ። ያንተ ማታ ሦስት ሰዓት ከሆነ እዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ይመቸኛል።


ስሜን_ተዉት

ማታ ሦስት ሰዓት ሰው ዜና ያያል። አራት ተኩል ይሁን።


ማለፊያ

እሺ፣ አራት ተኩል።